ስንሄድ የቆመው አውሮፕላን ስንመለስ ለምን አይቆምም?

ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ ዘመድ ጠይቆ የሚመለስ ሰው የመጨረሻ ቀን ያው ነው። ሳሎን መሀል ሻንጣ ይዘረጋል፣ የእጅ ሚዛን ይፈለጋል፣ አንዱ 23 ኪሎ ሲያልፍ ቫይታሚኑና ጫማው ወደ ሌላው ይዛወራል። «ይቺን ብቻ ለእገሌ» የሚል ሰውም አይጠፋም። በዚህ መሀል ብዙ ተጓዦች የሚያነሱት አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ፦ ከአዲስ አበባ ስንመጣ መንገድ ላይ አርፈን ነዳጅ ቀድተናል፤ ስንመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ ቦሌ ነው የምንገባው። መንገዱ ያው፣ አውሮፕላኑም ያው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንዳንዱ «ሲመለስ ሰው ስለማይሞላ ነው» ይላል፤ ሌላው አየር መንገዱ ተጨማሪ ተሳፋሪ ፈልጎ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ዋናው መልስ ግን ያለው አዲስ አበባ አየር ውስጥ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የዋሽንግተኑ ደላስ አየር ማረፊያ ደግሞ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው ሙቀት ቦሌ ላይ 0.91 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር እኛ የምንተነፍሰው አየር የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። የማንሳት ኃይሉ ከአየሩ እፍግታ ጋርና ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ይጨምራል። አየሩ በሩብ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነቱ 15 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ለምሳሌ ደላስ ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሬት የሚለቅ አውሮፕላን፣ ቦሌ ላይ 320 አካባቢ መድረስ ይኖርበታል ማለት ነው። ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሞተሩም የሚሠራው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የመግፋት ኃይሉ አብሮ ይደክማል። እንግዲህ አስቡት፦ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ያንን ፍጥነት የሚሰጠው ጉልበት ግን ቀንሷል። በወረቀት ላይ በቀላሉ ስናሰላው ለዚያው ክብደት የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርዝመት ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ማለቂያ አለው። ጎማዎችም የፍጥነት ጣሪያ አላቸው፤ ለብዙ ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መሐንዲሶችን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን መንደርደሪያው አይደለም። ሕጉ «ልክ በሚነሳበት ሰዓት አንድ ሞተር ቢጠፋስ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በቀረው አንድ ሞተር፣ ጎማውን ካጠፈ በኋላ፣ ቢያንስ በ2.4 በመቶ ተዳፋት መውጣት መቻል አለበት። ይህም ማለት በየ100 ሜትሩ 2.4 ሜትር ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በሳሳ አየር ውስጥ፣ በግማሽ ጉልበት፣ እንጦጦን የመሰለ ተራራ ከጎን ቆሞ ግን ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል።

ምን ይቀነስ? ሦስት መቶ ሰው ከነሻንጣው ብንገምተው 30 ቶን ቢሆን ነው። አንድ ቦይንግ 787-8 ግን ታንኩ ሲሞላ ወደ 100 ቶን ነዳጅ ይይዛል። ሲነሳ የሚፈቀድለት ትልቁ አጠቃላይ ክብደት 228 ቶን አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ የሚቀነሰው ነገር ግልጽ ነው። ሰውንና ዕቃውን ጭኖ፣ ነዳጁን አጉድሎ ተነስቶ፣ መሀል ላይ ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ መሙላት ይሻላል። በተለያዩ ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል።

ሲመለስ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ደላስ ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ ይነሳል። አትላንቲክ ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም ከኋላ ይገፋዋል፤ ስንሄድ ፊት ለፊት የሚገጥመን ይኸው ነፋስ ነው። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በርሮ ቦሌ ሲደርስ አብዛኛው ነዳጅ ተቃጥሏል፤ ቀልሎ ስለሚያርፍ የሳሳው አየር ያን ያህል አያስጨንቀውም።

በነገራችን ላይ ሙቀትም ድርሻ አለው። በ25 ዲግሪ ከሰዓት ፋንታ በ10 ዲግሪ ሌሊት መነሳት አየሩን 5 በመቶ ያህል ያወፍረዋል። ብዙ ረጅም በረራዎች ከቦሌ ማታ የሚነሱት በዋናነት ከሌሎች በረራዎች ጋር ለመገናኘት ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን ነፃ ስጦታ ነው። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታሰበው አዲሱ አየር ማረፊያም ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 4 በመቶ ገደማ የወፈረ አየር ማለት ነው። አራት በመቶ ንቀን የምናልፈው ቁጥር ይመስላል፤ ከ200 ቶን በላይ ለሚመዝን ማሽን ግን ብዙ ተሳፋሪ፣ ብዙ ጭነት ነው። እኔ እንደ መሐንዲስ ከሕንፃው ውበት በፊት የማየው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሻንጣችን እንመለስ። የ787 ካቢን በበረራ ላይ ቢበዛ የ1,800 ሜትር ከፍታ ያህል ስሜት እንዲኖረው ተደርጎ ይታመቃል። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት! ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ ካቢኑ በተቃራኒው «ይወጣል»፤ ውስጡ ያለው ግፊት ትንሽ ይቀንሳል። ደላስ ስናርፍ ሕፃናትን የሚያስለቅሰው የጆሮ መደፈን ቦሌ ላይ የሚቀለው ለዚህ ነው። ከጆሮ ውስጥ አየር መውጣቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መግባቱ ነው። ደላስ ስታርፉ ማስቲካ ማኘክ ወይም ለሕፃኑ ጡጦ መስጠት የሚረዳውም፣ መዋጥ ቧንቧውን ስለሚከፍት ነው።

ፓወር ባንክ ግን በምንም ምክንያት ወደ ትልቁ ሻንጣ አይግባ። የሊቲየም ባትሪ ከጋለ ራሱን እያቀጣጠለ ይሄዳል፤ ካቢን ውስጥ ሠራተኞቹ አይተው ውኃ ያፈሱበታል፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማንም አያየውም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። የተለመደው 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል።

ሻምፖና ቅባት ስታሽጉ ፕላስቲኩን ጨመቅ አድርጋችሁ አየሩን ካስወጣችሁ በኋላ ክዳኑን ግጠሙት፤ በላስቲክም ጠቅልሉት። ዋሽንግተን ላይ የታሸገ አየር አዲስ አበባ ሲደርስ በዙሪያው ያለው ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ጠርሙሱ እንደተነፋ ይቆያል። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ከነጭ ልብስ ራቅ በሉ።