የሚኖታውርን ተረት ተከትሎ ወደ ቀርጤስ፦ የቤተሰብ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በግሪክ ደሴት በቀርጤስ፣ በጥንት ዘመን ሚኖስ የተባለ ንጉሥ ነበር ይባላል። የገባ የማይወጣበት ጥልፍልፍ ሕንጻ አሠርቶ፣ በውስጡ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ በሬ የኾነውን ሚኖታውርን አኖረ። ቴሴዎስ አውሬውን ገድሎ የወጣው የንጉሡ ልጅ አሪያድኔ በሰጠችው የፈትል ልቃቂት እየተመራ ነው።

ልጆቻቸውን ይዘው ቦታውን ለማየት የሚያስቡ ወላጆች ወጪውን ከማስላታቸው በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይኖርባቸዋል። ከሄራክሊዮን ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ክኖሶስ የሚታየው የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ እንጂ የሚኖታውር ማደሪያ አይደለም። እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስቆፍሮ ያወጣው ሲኾን፣ ከፊሉን በኮንክሪት መልሶ መገንባቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ልጅ በሩ ላይ ማኩረፉ አይቀርም። ተረቱም እውነቱም በቤት ሳሉ ይነገሩት።

ሐምሌና ነሐሴ ባይመረጡ ይሻላል። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. የአቴንሱ አክሮፖሊስ በሙቀት ምክንያት በቀትር እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር።

ለገበሬ ቤተሰብ ግን ከክኖሶስ ይልቅ የላሲቲ አምባ ሳይበልጥ አይቀርም። ድንች የሚመረትበት፣ በነጭ ሸራ የሚሽከረከሩ የነፋስ መዘውሮች የመስኖ ውኃ ይስቡበት የነበረ ሜዳ ነው። በዚያ ያለው የፕሲክሮ ዋሻ ዜውስ የተወለደበት እንደኾነ ይነገራል። አባቱ ክሮኖስ ልጆቹን ይውጥ ስለነበር ሕፃኑ ተደብቆ በፍየል ወተት አደገ። ወደ ዋሻው የሚያደርሰው መንገድ ዳገት፣ ውስጡም እርጥብ ነውና የልጆቹ ጫማ ይታሰብበት።