የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ከመግዛት በፊት

ሪያድ፦ ከሥራ መልስ በጋራ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ሌላውን ሳይረብሹ ሙዚቃ ለማድመጥ የጆሮ ማዳመጫ ተመራጭ ነው። ድምፁ ያነሰበት አድማጭ አምፕሊፋየር የተባለውን ማጉያ ለመግዛት ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ደመወዝን ከማውጣት በፊት አስፈላጊነቱን ማጣራት ይገባል።

ማጉያው ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያጎለብታል። ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ በኦህም ይለካል። ከ16 እስከ 32 ኦህም ለሆኑት የተለመዱ ማዳመጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ብቻውን ይበቃል። እንደ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ላሉ ባለ 300 ኦህም ማዳመጫዎች ግን ማጉያው ይጠቅማል።

መሣሪያው የቀረጻ ጉድለትን አያርምም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ካወጣቸው ሸክላዎች የተገለበጠ ዘፈን የመንሿሿት ድምፅ ካለው፣ ያም አብሮ ይጎላል።

በግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ማጉያ ሲገዛ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራበትን 230 ቮልት መቀበሉን ከጽሑፉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የማድመጫ ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ማዳመጫው ከመጠለቁ በፊት የማጉያውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው። ካደመጡ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ከተሰማ፣ መጠኑ ከልክ ማለፉን ያመለክታል፤ ምልክቱ ከቀጠለ ሐኪም ማማከር ያሻል። ማጉያ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ በከፍተኛ ድምፅ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ግን ዳግም አይተካም።