በአውሮፓ ያለ የአክሲዮን ገንዘብ ትርፍ እንዴት ይመዘናል?

ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወልዶ በጀርመን አገር የሚሠራ አንድ ሰው ከደመወዙ እየቆጠበ በአውሮፓ የአክሲዮን ፈንድ ገንዘብ አስቀምጧል እንበል። ፈንድ የሚባለው የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አጠራቅሞ የልዩ ልዩ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዛ ድርጅት ነው። ይህ ሰው ለወላጆቹ «ገንዘቤ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» ብሎ ይጽፋል፤ እነርሱም ፈንዱ ይህን ያህል የሚያተርፍ ከሆነ በእንጅባራ የታሰበው ቤት ለጊዜው ይቆይ ይላሉ። እኛ የምንመረምረው ይህ አሳብ የተመሠረተበትን ሒሳብ ነው።

በመጀመሪያ መለኪያው ይታይ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። ዩሮም እንደዚሁ ወጣ። እንግዲህ ቀደም ብሎ የገባ 1,000 ዩሮ አንዲት ሳንቲም ሳያተርፍ በብር ሲቆጠር ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ይህ የብር መውደቅ ነው እንጂ የፈንዱ ሥራ አይደለም፤ ፈንዱ መመዘን ያለበት በዩሮ ነው።

ሁለተኛው ነገር አቻ መፈለግ ነው። በዚህ ረገድ የአዊ ገበሬ ከብዙ ባለአክሲዮን የተሻለ ዳኛ ይመስለናል። ለከሰል የተከለውን ዲከረንስ በአራት በአምስት ዓመቱ ሲቆርጥ የሚያስተያየው በዚያው ዓመት ከተተከለው ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ነው፤ የቆራጭና የጫኝ ዋጋም ሳይቀነስ ትርፍ አይልም። በሽታ ገብቶ የአካባቢው ዛፍ ሁሉ ሲጎዳ ባለማሳውን ሰነፍ የሚለው የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ስቶክስ 600 የሚባለው የአውሮፓ አክሲዮኖች መለኪያ 13 ከመቶ ያህል ወርዶ ነበር። በዚያ ዓመት 8 ከመቶ ብቻ የወረደ ፈንድ ቢኖር፣ ባለቤቱ ቢከስርም ሥራ አስኪያጁ የሚነቀፍ አይሆንም። ሆኖም በየዜናው የሚጠራው የመለኪያው ቁጥር ኩባንያዎቹ የሚያከፋፍሉትን የትርፍ ድርሻ እንደማይጨምር ማወቅ ያሻል። ድርሻውን መልሶ አክሲዮን የሚገዛበት ፈንድ ከዚህ ቁጥር ጋር ቢወዳደር ያለ አግባብ የበለጠ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ገንዘቡ የገባበት ጊዜ ነው። አንድ ሰው 1,000 ዩሮ ቢያስገባና ፈንዱ በ20 ከመቶ ቢያድግ 1,200 ይሆንለታል። በዚህ ተደስቶ 4,000 ቢጨምር 5,200 ይሞላል፤ ከዚያም ፈንዱ በ10 ከመቶ ቢወርድ በእጁ የሚቀረው 4,680 ነው። ሰውዬው 320 ዩሮ ከስሯል፤ ፈንዱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 8 ከመቶ አትርፏል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ አንዱ የፈንዱን ሥራ፣ ሌላው የባለገንዘቡን ዕድል ይናገራል።

ስለ ክፍያም አንድ ቃል እንጨምር። 10,000 ዩሮ በዓመት 6 ከመቶ ቢያፈራ፣ 1.5 ከመቶ በሚያስከፍል ፈንድ በ20 ዓመት 24,100 ገደማ ይሆናል፤ 0.2 ከመቶ ብቻ በሚያስከፍለው ግን 30,900 ገደማ ይደርሳል።

ወደ ዘንገናው ቤተሰብ ስንመለስ፣ ለቤቱ ጉዳይ ብር መቁጠሩ ስሕተት አይደለም፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚገዛው በብር ነውና። ነገር ግን ያን ጊዜ ጥያቄው ፈንዱ ጥሩ ነው ወይ የሚል ሳይሆን፣ ዩሮው ዛሬ ቢመነዘር የስንቱን ክፍል ግድግዳ ያቆማል የሚል ነው፤ ለዚህም የእንጅባራን የዕቃ ዋጋ መጠየቅ ይበቃል።