ሦስተኛው ሌሊት የማን ነው?
ብስክሌተኛው መንገደኛና የዶዮገና ገበያ

አገር አቋርጦ በብስክሌት የሚጓዝ ሰው ከሌላው ጎብኚ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ልቸኩል ቢልም አይሆንለትም። በመኪና ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ምሳውን ሆሳዕና በልቶ፣ ዶዮገናን በመስኮት አይቶ፣ ሲመሽ ሶዶ ወይም አርባ ምንጭ ይገባል። ገንዘቡም የሚቀረው በእነዚሁ ትልልቅ ከተሞች ነው። ብስክሌተኛው ግን በየ80ና በየ90 ኪሎ ሜትሩ መብላት፣ መጠጣትና ማደር ግዴታው ነው። ለትንንሽ ከተሞች ነጋዴ ጉዳዩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሂሳቡን እንሥራ

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ዶዮገና 258 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ ለሦስት ሲካፈል በቀን 86 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዕቃ ለጫነ ብስክሌት ደህና የቀን ጉዞ ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቀን የትክል ድንጋዮቹ መንደር ጢያ አካባቢ፣ ሁለተኛው ወራቤ፣ ሦስተኛው ዶዮገና ላይ ይመሻል።

ይሁንና ከዶዮገና በፊት ሆሳዕና አለች። ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ለስብሰባና ለጉዳይ የሚመጣው እንግዳ የአልጋ ገበያዋን አድርቶላታል። የደከመው ብስክሌተኛ እዚያው ቢያድር በማግስቱ በአረካ በኩል ሶዶ ይደርሳል፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሦስተኛው ሌሊት በሂሳብ የዶዮገና ይምሰል እንጂ በተግባር የሚወስደው የተዘጋጀው ነው።

ዶዮገና የምታቀርበው መከራከሪያ አላት። አገሩ ደጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ አረካና ወደ ወላይታ ዝቅ ይላል። ዳገቱን ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ያደረ ሰው በማግስቱ የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። ይህን ብስክሌተኛ ሁሉ ይገባዋል፤ የሚነግረው ግን ያስፈልጋል።

ተጓዡ ከየት ይመጣል?

ኢትዮጵያ ለብስክሌት አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ ብስክሌተኞችን አሰልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ነገር ግን እነዚህ ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ ምግባቸውንም ሆነ መለዋወጫቸውን ቡድናቸው ይዞላቸው ይከተላል። ለመንገድ ዳር ነጋዴ የሚጠቅመው ሻንጣውን በብስክሌቱ ላይ አስሮ የሚመጣው መንገደኛ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው «ቱር ዳፍሪክ» ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በአራት ወር ገደማ የሚጠናቀቀው ይህ ጉዞ ብዙ ዓመታት ኢትዮጵያን ከሱዳን ድንበር እስከ ኬንያ ድንበር አቋርጧል። ስኮትላንዳዊው ማርክ ቦውሞንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከካይሮ ኬፕታውን በ42 ቀን ገደማ ገብቷል። እንዲህ ያለ ባለ ሪከርድ ለገበያ ብዙም አይበጅም። ከመተማ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አድርጎ ሞያሌ የሚደርስ፣ ወደ 1,700 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በቀን 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ግን 19 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ማለት 19 አልጋ፣ 19 እራት ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ከሰሜን በየብስ የሚመጣውን መንገደኛ ስጋት ላይ ጥሎታል። በመሆኑም ብስክሌቱን በካርቶን አሽጎ ቦሌ የሚያርፈውና እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖረው ብስክሌተኛ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። የሁለቱም መንገድ ወደ ደቡብ ሲሆን ዶዮገና መሥመር ላይ ናት።

ደንበኛው የሚፈልገው

ፍላጎቱ ፎቅ የሚያሠራ አይደለም። ንጹሕ አንሶላ፣ ገላ መታጠቢያ ውኃ፣ ብስክሌቱ ተቆልፎ የሚያድርበት ቦታ፣ በማለዳ የሚደርስ ቁርስ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የዋለ ሰው ብዙ ይበላል፤ የእንሰትና የድንች አገር ደግሞ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ አያጣም። ቆጮ፣ የቡላ ገንፎ፣ የሃዲያው አታካና ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ።

መለዋወጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየከተማው የሚገኘው ካላማዳሪ በአብዛኛው ለ26ና ለ28 ቁጥር ጎማ የሚሆን ነው። የውጭዎቹ ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ ቀጭን ቫልቮላ ስላላቸው የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አይገጥምላቸውም፤ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ማገናኛ ግን ችግሩን ትፈታለች። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ተወዷል፤ በአንጻሩ ዶላር ይዞ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ብር ይዟል። ስለዚህ ዕቃ አብዝቶ ከማከማቸት ጥቂት ካላማዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ካቴናና የፍሬን ሽቦ ይዞ ትርፉን ከአልጋና ከምግብ መጠበቅ ይሻላል።

የበጉ ትምህርት

ዶዮገና በበጓ ትታወቃለች። ቀድሞ ቶሎ የሚያድገው ምርጥ ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ፈጥኖ ገበያ ይወጣና ለዘር የሚቀረው ደካማው ነበር። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከአርሶ አደሮቹ ጋር በጀመሩት ሥራ ምርጡ አውራ ተመርጦ ለዘር እንዲቆይ ተደረገ። የዛሬን ትርፍ ለነገ ማሳደር ማለት ይኸው ነው።

ለእንግዳም ያው ነው። የመጀመሪያውን ፈረንጅ እጥፍ ያስከፈለ አልጋ አከራይ ምርጡን ጠቦት ቀድሞ እንደሸጠ ይቆጠራል። አገር አቋርጦ የጨረሰ ብስክሌተኛ የት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ ስንት እንደከፈለ ይጽፋል፤ ከኋላው የሚመጣውም ያንኑ እያነበበ ይጓዛል። ለዚህች ከተማ ከእርሱ የተሻለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

ድንጋዩ

በኢትዮጵያ ያለፉ ብስክሌተኞች በብዛት የሚያነሡት ቅሬታ ዳገት ወይም ዋጋ ሳይሆን በመንገድ ዳር ልጆች የሚወረወርባቸው ድንጋይ ነው። በተራሮቹ ውበትና በሰዉ ቸርነት ተደንቀው ከጻፉት ብዙዎቹ ድንጋዩንም ጽፈዋል። ይህ ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ገና ድሮ ጉድለቱን ባረመ ነበር። «ሃይላንድ፣ ሃይላንድ» እያለ ባዶ ጠርሙስ የሚለምነው ልጅና ድንጋይ የሚያነሣው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ሰፈር ናቸው። ትምህርት ቤቶች፣ ዕድሮችና የሃይማኖት አባቶች በዚህ ላይ ቢነጋገሩ ወጪው ኢምንት ነው። ለአልጋ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ሊሠራ የሚገባውም ይኸው ነው፤ ድንጋይ የተወረወረበት እንግዳ የተዘጋጀለትን አንሶላ ለማየት አይቆምምና።

ሞያሌ ደርሶ ጉዞውን የፈጸመ ሰው ለአገሩ ሰው የሚነግረው ጥቂት ቦታ ነው። በመኪና ላለፈው ዶዮገና ከእነዚያ ውስጥ አትገባም። ዳገቱን ወጥቶ ሦስተኛውን ሌሊት በደህና ላደረው ግን ስሟን ሳይነሣ አይቀርም። አልጋው በስንት ብር እንደሚዘጋጅ ማስላት የከተማዋ ነጋዴዎች ፈንታ ነው።