መስመሩ በማን እጅ ነው? የተርሚናል ፕሮግራሞች፣ የመሰረዣ ቁልፍና ፊደላችን



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ ተቋም የተማሪዎች መመዝገቢያ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሆኖ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጠይቃል፤ የተሰጠውንም ይመዘግባል። መስኮት የለውም፣ አይጥ አይፈልግም፤ የሚሠራው በጥቁሩ የተርሚናል ገጽ ላይ ብቻ ነበር። በቢሮዬ ኮምፒውተር ደጋግሜ ሞክሬው እንከን አላገኘሁበትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝርዝሩ ታትሞ ሲመጣ ግን በስሞቹ መካከል የጥያቄ ምልክት ያዘሉ ጥቋቁር ቅርጾች ተሰግስገው አየሁ። መዝጋቢዋን ጠርቼ በሰው ፊት ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ተናገርኋት። እርሷም «ዶክተር፣ እኔ ስክሪኑ ላይ ትክክል መሆኑን አይቼ ነው አስገባን የምጫነው» አለችኝ። አላመንኋትም። እርሷ ግን እውነቷን ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው በእርግጥ ትክክል ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው ስሙን እየጻፈ ሳለ፣ «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ የጻፈው ነገር ያለው የት ነው? ተማሪዎቼን ስጠይቅ አብዛኞቹ «ስክሪኑ ላይ» ወይም «ፕሮግራሙ ውስጥ» ይሉኛል። ሁለቱም አይደለም። በዩኒክስና ከእርሱ በተወለዱት ሥርዓቶች፣ ፕሮግራሙ የተለየ ነገር ካላዘዘ በቀር፣ መስመሩን ይዞ የሚቆየው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ፕሮግራሙ በዚያን ጊዜ ተኝቷል። ከርነሉ እያንዳንዱን ባይት ተቀብሎ በማቆያው ያኖራል፣ ለስክሪኑም መልሶ ያስተጋባል፤ የመሰረዣው ቁልፍ ሲመጣ ከማቆያው ይቀንሳል፤ «አስገባ» ሲመጣ ያለቀለትን መስመር ለፕሮግራሙ ያስረክባል። የዩኒክስ ሰዎች ይህን አሠራር «ብስል»፣ ባይቶቹ ሳይነኩ በቀጥታ ለፕሮግራሙ የሚሰጡበትን ደግሞ «ጥሬ» ይሉታል። ጥሬና ብስል መለየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለምና ስያሜውን ወድጄዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንደተሠራ ለመረዳት ወደ ቴሌታይፕ ዘመን መመለስ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ተርሚናሎች በወረቀት ላይ የሚያትሙ መሣሪያዎች ነበሩ፤ የታተመ ፊደል ደግሞ አይሰረዝም። ስለዚህ በጥንቱ ዩኒክስ አንድ ፊደል ለመሰረዝ የ«#» ምልክት፣ መላውን መስመር ለመሰረዝ የ«@» ምልክት ይጻፍ ነበር። በአስኪ ሠንጠረዥ ውስጥም ዛሬ ለመሰረዣነት የምንጠቀምባቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ 8፣ ሌላው 127። የ127 ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በወረቀት ጥብጣብ ላይ የተበሳን ቀዳዳ መድፈን አይቻልም፤ ሰባቱንም ቦታ መብሳት ግን ይቻላል። ሰባቱም የተበሱበት ረድፍ፣ ማለትም 127፣ «ይህን ዝለለው» ማለት ሆነ። ያ ውርስ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ አንዱ ተርሚናል ለመሰረዣው ቁልፍ 8 ይልካል፣ ሌላው 127፤ በየትም እንዲሠራ የሚፈለግ ፕሮግራም ሁለቱንም መቀበል አለበት።

አሁን ወደ መዝጋቢዋ ልመለስ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው። በአማርኛ የምንጠቀምባቸው ፊደሎች እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ናቸው። «አ» 225፣ 138፣ 160 ነው፤ «በ» ደግሞ 225፣ 137፣ 160። «አበበ» ብላችሁ ስትጽፉ በከርነሉ ማቆያ ዘጠኝ ባይት ተቀምጧል። መዝጋቢዋ ሴት ተማሪ እየመዘገበች ኖሮ «አበባ» ማለት ሲገባት «አበበ» ብላ ጻፈች እንበል። መሰረዣውን አንዴ ትጫናለች። አንድ ፊደል ከአንድ ባይት በላይ ሊሆን እንደሚችል ያልተነገረው ከርነል ከማቆያው አንድ ባይት ብቻ ያነሣል፤ ለስክሪኑ ግን «አንድ ቦታ ወደ ኋላ ተመለስ፣ አጥፋ» ብሎ ያዝዛል። ስክሪኑ ላይ «አበ» ይታያል፤ በማቆያው ግን የመጨረሻዋ «በ» ሁለት ባይት፣ 225 እና 137፣ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ቀጥላ «ባ» ትጽፋለች። ስክሪኑ «አበባ» ይላል፣ እርሷም አይታ ታረጋግጣለች። ለፕሮግራሜ የደረሰው ግን ዘጠኝ ሳይሆን ዐሥራ አንድ ባይት ነው፤ በመካከሉ ማንም ሊያነበው የማይችል ስብርባሪ አለ። ያ ጥቁር ቅርጽ ከዚህ የመጣ ነበር።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። መሰረዣውን ሦስት ጊዜ ብትጫን ምን ይሆናል? ከስክሪኑ ሦስት ፊደል ይጠፋል፤ ከማቆያው የሚወጣው ግን ሦስት ባይት፣ ማለትም አንድ ፊደል ብቻ ነው። «ከበደ» ብላ ጽፋ፣ ሦስቱንም አጥፍታ «አበበ» ብትጽፍ፣ ስክሪኑ «አበበ» ሲል መዝገቡ «ከበአበበ» ይላል። ከዚያም በላይ ከተጫነች መሰረዣው «ስም፦» የሚለውን የፕሮግራሙን ጥያቄ ራሱን ከስክሪኑ መብላት ይጀምራል። ይህን ያያችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ታዲያ በእኔ ቢሮ ለምን አልታየም? ሊኑክስ ከ2.6.4 እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ፣ «ግቤቱ ዩቲኤፍ-8 ነው» ብሎ ለከርነሉ የሚነግር አንድ ምልክት አለው። ምልክቱ ሲበራ ከርነሉ ሙሉውን ፊደል ይሰርዛል። በቢሮዬ ያለው ተርሚናል ምልክቱን ራሱ ያበራልኝ ነበር። መዝጋቢዎቹ ግን ከሌላ ሕንፃ በኤስኤስኤች እየተገናኙ ይሠሩ ነበር፤ ያ ፕሮቶኮል ደግሞ የተርሚናሉን ሁኔታ ወደ ሰርቨሩ ሲያስተላልፍ ይህ ምልክት በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ኦፕን-ኤስኤስኤች ድጋፉን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በ7.3 እትሙ ነው፤ መደበኛ ሰነዱም በ2017 ወጣ። የእኔ ፕሮግራም ከዚያ በፊት የነበረ ነው።

ሌላም ያሳሳተኝ ነገር ነበር። በዚያው ሰርቨር፣ በዚያው ግንኙነት፣ የትእዛዝ መቀበያው ባሽ አማርኛን በትክክል ይሰርዝ ነበር። የፓይተን መሞከሪያ ገጽም እንደዚሁ። ሁለቱም መስመሩን ለከርነሉ አይተዉም ነበር፤ ሪድላይን በተባለው የመስመር ማረሚያ ቤተ መጻሕፍት አማካይነት በራሳቸው እጅ ያርሙት ነበር። የፓይተን ፕሮግራም በፋይል ተጽፎ ሲሠራ ግን ሪድላይንን ካላስጫናችሁት በቀር መስመሩ ወደ ከርነሉ ይመለሳል። እኔም እየሞከርሁ ያለሁት አንዱን ነገር፣ መዝጋቢዎቹ የሚሠሩበት ሌላውን ነገር ሆኖ ተላለፍን። መፍትሔው በመጨረሻ አንድ መስመር ኮድ ሆነ፤ ለዚያ አንድ መስመር የከፈልሁት ጊዜ ግን ለመናገር ያሳፍራል።

መስመሩን በራሳችን እጅ እናርመው ካልን፣ ወደ ጥሬው አሠራር እንገባለን፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ዕዳ የእኛ ነው። ማስተጋባቱ ይቆማል፤ ፊደሉን ስክሪኑ ላይ የምንጽፈው እኛ ነን። የቀስት ቁልፎች ሦስት ባይት ሆነው ይመጣሉ፤ ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ብዙውን ጊዜ 27፣ 91፣ 65 ነው። «ማምለጫ» የሚባለው ቁልፍም ብቻውን 27 ነው። 27 ሲደርሰን ሰውዬው ማምለጫን ተጫነ ወይስ ቀስት እየመጣ ነው? ከትንሽ ጊዜ መጠበቅ በቀር አስተማማኝ መለያ የለም። ሪድላይን ካልተቀየረ በቀር ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል። አጭር ካደረግነው በዘገምተኛ ግንኙነት ላይ ቀስቱ ተሰባብሮ ቆሻሻ ፊደል ይሆናል፤ ረጅም ካደረግነው ሰው ይሰለቻል። በእኛ ከተማ መስመር ላይ የሠራ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መናገር አያሻኝም።

ከሁሉ የሚረሳው ግን መመለሱ ነው። ፕሮግራሙ በጥሬው አሠራር ላይ እያለ ቢወድቅ፣ ተርሚናሉ እንደዚያው ይቀራል፤ ተጠቃሚው ይጽፋል፣ የሚጽፈውን ግን አያይም። ብልሃቱን የሚያውቅ ሰው ሳያይ «ሪሴት» ብሎ ጽፎ ይድናል፤ የማያውቀው መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ጥሬው ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን አዘጋጁ። ግቤቱ ከሰው ሳይሆን ከፋይል የሚመጣ ከሆነም ይህን ሁሉ ጨርሶ አትንኩት።

ዊንዶውስ ሌላ ዓለም ነው። በዚያ መስመሩን የሚያርመው ከርነሉ ሳይሆን የኮንሶል መስኮቱን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ የሚነበበውም በባይት ወይም ባለ 16 ቢት በሆኑ ሰፋፊ አሃዶች ነው። በባይት፣ በዩቲኤፍ-8 ለማንበብ የሞከረ ሰው ለብዙ ዓመታት ከእንግሊዝኛ ውጭ ባለ ፊደል ፈንታ ዜሮ ይቀበል ነበር። ፓይተን ከ3.6 እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 ወዲህ፣ ሰፋፊውን መንገድ ስለያዘ ተጠቃሚዎቹ ከዚህ ተገላግለዋል። በሲ ቋንቋ የሚጽፍ ግን መንገዱን ራሱ መምረጥ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከእናንተ መካከል «እሺ፣ ፊደላችን ሦስት ባይት ነው፣ ሦስት ሦስት እሰርዛለሁ» የሚል እንዳይነሣ። የጉራጌ ቋንቋዎች የሚፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደሎች እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 ሲገቡ ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ርቆ በሚገኝ ስፍራ ተቀመጡ፤ እነርሱ አራት ባይት ናቸው፣ በዊንዶውስም እያንዳንዳቸው ሁለት አሃድ ይይዛሉ። የማጥበቂያ ምልክት ደግሞ ራሱን የቻለ ቁጥር ኖሮት ሳለ በፊደሉ ላይ ስለሚያርፍ በስክሪኑ ምንም ቦታ አይወስድም። የቻይና ፊደል በአንጻሩ ሁለት ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ባይት፣ ፊደልና የስክሪን ቦታ ሦስት የተለያዩ ቆጠራዎች ናቸው፤ ከማቆያ ስናነሣ በመጀመሪያው፣ ሰው «አንዴ ሰርዝ» ሲል በሁለተኛው፣ ጠቋሚውን ስናንቀሳቅስ በሦስተኛው እንቆጥራለን። የእኛ ፊደሎች በደንቡ መሠረት አንድ አንድ ቦታ ቢሰጣቸውም ሰፋፊዎቹ በብዙ ተርሚናሎች ተጨፍልቀው ወይም ተደራርበው ይታያሉ፤ ያ የቅርጸ ፊደሉ ጉዳይ እንጂ የመስመር ማረሚያው ጥፋት አይደለም።

መሰረዣ የሚያገለግለው ለስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች መጀመሪያ ሳድሱን ይልካሉ፤ አናባቢው ሲነካ ደግሞ የመሰረዣ ቁልፍ ልከው ትክክለኛውን ፊደል ይተካሉ። «ሰላም» ለማለት «ስ» ተጽፎ ተሰርዞ «ሰ» ይሆናል፣ «ል» ተጽፎ ተሰርዞ «ላ» ይሆናል። ምንም ያልተሳሳተ ሰው ሁለት ጊዜ ሰርዟል። መዝጋቢዎቻችን እንዲህ ያለ መጻፊያ ቢኖራቸው ኖሮ ጥፋቱ በመጀመሪያው ቀን ይገለጥ ነበር፤ ጥቂት ስሞችን ብቻ መርጦ የመታው የእነርሱ በራሱ ፊደሉን አጠናቅቆ ይልክ ስለነበር ነው።

የተበላሸውን መዝገብ እንዴት እንዳቃናነው የጠየቀኝ አንድ ተማሪ ስላለ በዚሁ ላብቃ። ስብርባሪ ባይት ያለባቸውን ስሞች ማቃናት ቀላል ነበር። መሰረዣው አንዴ ብቻ በተጫነበት ስም ስብርባሪውን ማውጣት ብቻ ይበቃል፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል መዝጋቢዋ በስክሪኑ ላይ ያየችው ትክክለኛው ነውና። ይህን አንድ አጭር ፕሮግራም ጨረሰው። እንደ «ከበአበበ» ያሉት ግን ባይቶቻቸው ሁሉ ደኅና ናቸው፤ ማሽን ሲያያቸው ስም ናቸው። እነርሱን ለመለየት በእጅ ከተሞሉት የወረቀት ቅጾች ጋር ስም በስም ማመሳከር ነበረብን። መዝጋቢዋ እያነበበች፣ እኔ እያረምሁ፣ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን፤ ይቅርታዬንም የጠየቅኋት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር።