ቡፌው ይቆይ፣ ሰውየው ይትረፍ!

አከራይ «ቤቱን ልጄ ሊያገባበት ነው» ካለ አለቀ፣ ጓዝ መጠቅለል ነው! ወር ሲያልቅ ነቀምቴ ውስጥ ዞር ዞር ብትሉ ፍራሽ ያዘለ ባጃጅና ቁም ሣጥን የተጫነበት አይሱዙ አታጡም። ችግሩ የቤት ለውጡ የካቲትና መጋቢት ላይ ሲውል ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል! ሁላችንም ታዲያ የምንጨነቀው ለቴሌቪዥኑና ለቡፌው መስታወት ነው። ስለተሸካሚው ማን ያስባል?

«ወለጋ ደግሞ ምን ሙቀት አላት? ለምለም አገር አይደለች እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። በግማሽ ልክ ናችሁ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ማታ ማታ ጋቢ ታስለብሳለች። ወደ ጊምቢ ስትሄዱ ግን መንገዱ ድዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወደ አንገር ጉትን ስትወርዱም ያው ነው። 1,000 ሜትር ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ሹራብ ለብሶ የጫነው ልጅ ቀትር ላይ ቆላ ወርዶ ሲያራግፍ ገላው ግራ ይገባዋል። ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል።

ለመሆኑ ሙቀት ሰውን እንዴት ይጥላል? ሸክም የሚሸከም ጡንቻ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ያንን የሚያበርደው ላብ ነው። ላቡ ውኃና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ካልተተካ ሰውነት ማብረዱ ያቅተዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ይመጣል። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጥላ፣ ውኃና ዕረፍት ያድነዋል። ሰውየው መቀባዠር፣ መንገዳገድ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረና ገላው ከጋለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል።

አንድ ጎረቤቴ ወደ አንገር በኩል ሲዛወር አብሬ ወርጄ ነበር። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ፣ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ፣ ቡፌውን እያወረደ ሳለ የማይገናኝ ነገር መለፍለፍ ጀመረ። «አረቄ ቀምሷል መሰለኝ!» ብለው ጓደኞቹ ሳቁበት። የልጁ ጉልበት ሲከዳው አንዲት እናት «ቢሻን! ቢሻን!» እያሉ በኦሮምኛ ውኃ ጠርተው ሮጠው መጡ። ጥላ ሥር አስተኝተው ሙሉ ጀሪካን አፈሰሱበት፣ በነጠላቸው አራገቡለት። ጤና ጣቢያ ደርሶ ተረፈ። ሳቁ ትንሽ ቢረዝም ኖሮስ?

ልብ በሉ፣ ልጁ አንዴም «ደከመኝ» አላለም። የእኛ አገር ጎረምሳ አይልማ! ሒሳቡም በጭነት እንጂ በሰዓት ስላልሆነ ይቸኩላል። ስለዚህ «ደከመህ እንዴ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ መልሱ የታወቀ ነው። «ኑ ወንድሞቼ፣ እኔም ልረፍ፣ ቁጭ እንበል» በሉት። ክብሩ ሳይነካ ያርፋል።

ሌላም አለ። ዓቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በሙቀቱ ወራት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ረመዳንም ተደርቦ ነበር። ጿሚውን «እባክህ ጠጣ» ብሎ መጨቅጨቅ ነውር ነው፤ ሰዓቱን መቀየር ግን የእናንተ ፈንታ ነው። በማለዳ ጀምሩና ገና ሳይከርር አስጨርሱት፤ ካልሆነም ሌላ ቀን ይሁን።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ዕቃውን ከዋዜማው ጠቅልላችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መጫን ጀምሩ። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ከባድ ነገር አታሸክሙ።

ሁለተኛ፣ ላልጾመ ሰው በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ ስጡ። ብዙ ላብ ላፈሰሰ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡለት። ጠላውና ቢራው ሥራው ካለቀ በኋላ ይድረስ!

ሦስተኛ፣ ሕፃንና አዛውንት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ጋቢና ውስጥ አትተዉ። የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል። አዲሱ ቤትም ተዘግቶ የከረመ ቆርቆሮ ቤት ነውና አስቀድሞ በርና መስኮቱ ይከፈት።

አራተኛ፣ ቆላ የምትወርዱ አጎበሩን መጨረሻ ጭናችሁ መጀመሪያ አውርዱት፤ ሙቀቱን ያመለጠ ሰው ለወባ እንዳይዳረግ።

አምስተኛ፣ የተቀባዠረ ሰው ካያችሁ ልብሱን አላልታችሁ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡት፣ ወደ ሕክምና አሩጡት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

የቡፌ መስታወት ቢሰበር ገበያ አለ። ወዳጅ ዘመድ መጥቶ «ቤት ለእምቦሳ!» ሲላችሁ ያ ዕቃችሁን የተሸከመው ልጅም በጤና ቤቱ ገብቶ ይሁን።

ቸር እንሰንብት!