በመገናኛ መሣሪያዎች የሚሰጥ ትምህርት፤ ወጪውና ከፋዩ

ትምህርትን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ለማዳረስ ሲታቀድ በቅድሚያ የሚጠየቀው የመሣሪያው ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ የአገልግሎቱን ዘለቄታ የሚወስነው ከግዢው በኋላ በየዓመቱ የሚከተለው ወጪ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ወጪውን በየዓይነቱ ለይቶ ከፋዩን ማመልከት ነው።

ወጪው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ትምህርቱን ለማዘጋጀትና ለማሰራጨት የሚውለው ሲሆን፣ የተማሪው ቁጥር ቢጨምርም እምብዛም አይለወጥም። ሁለተኛው ለመሣሪያና ለመስመር ዝርጋታ የሚውለው የካፒታል ወጪ ነው። ሦስተኛው ለኤሌክትሪክ፣ ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚከፈለው የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ለዚህ አስረጂ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት በተወሰነ ሰዓት ይተላለፍ ስለነበር፣ መብራት በጠፋበት ትምህርት ቤት የዕለቱ ትምህርት ያልፍ ነበር፤ የዝግጅቱ ገንዘብ ግን ቀድሞ ወጥቷል።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። በሐዲያ ዞን፣ በሻሾጎ ወረዳ በምትገኘው በቦኖሻ ከተማ 800 ተማሪዎች ያሉት አንድ ትምህርት ቤት አለ እንበል። 500,000 ብር የተገዛው መሣሪያ አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ ለመተኪያ በየዓመቱ 100,000 ብር ሊታሰብ ይገባል። ለኃይልና ለጥገና 60,000 ብር ቢጨመር፣ የነፍስ ወከፍ ወጪው በዓመት 200 ብር ይሆናል። የሚጠቀሙት 400 ተማሪዎች ብቻ ከሆኑ ግን ወደ 400 ብር ያድጋል።

ይህን ማን ይከፍላል? የወረዳ በጀት ከፍተኛው ክፍል ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለሆነም ሸክሙ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢና በወላጆች መዋጮ ላይ ይወድቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በተሰጠ ጊዜም፣ የሬዲዮው፣ የባትሪው ድንጋይና የስልኩ ካርድ ዋጋ ወደ ቤተሰብ ተሸጋግሯል። መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ልጅ ትምህርቱ በነፃ ቢሰራጭም አልደረሰውም።

በመሆኑም የዕቅድ ባለሙያዎች ማናቸውም መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት የአምስት ዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ሊያሰሉ፣ የሥራ ማስኬጃውንም በመደበኛ በጀት ውስጥ በራሱ ርዕስ ሊያስይዙ ይገባል። መምህራን በበኩላቸው በመብራት መጥፋትና በብልሽት የባከኑትን ክፍለ ጊዜያት በየሳምንቱ ቢመዘግቡ፣ በጀት ለመጠየቅ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናቸዋል። የጥገና ገንዘብ ያልተመደበለት መሣሪያ ውሎ አድሮ የመጋዘን ዕቃ መሆኑ አይቀርምና።